«ሰው የለኝም» ለምትሉ፦ በችግር ቀን በእግዚአብሔር መታመን እንዴት ይጀመራል?

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው ችግር ገጠመኝ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሆነህ?» አይደለም። «እዛ ቤት ማን አለህ?» ነው። ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለበትም፣ የሆስፒታል አልጋ የሚፈልገውም፣ ልጁ ተመርቃ ቤት የተቀመጠችበትም ስልኩን አውጥቶ ስም ይፈልጋል። ስም ያገኘ ይተነፍሳል። ያጣ «እኔ እንግዲህ ሰው የለኝም» ብሎ አንገቱን ይደፋል።

ይህን የምጽፈው አንገታቸውን ለደፉት ነው። ስም ላገኙትም ነው፤ እንዲያውም እነሱ ይበልጥ ያሳስቡኛል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ድሪያ እሰፋለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ሲገኝ የሠርግ ልብስም አለ። ሰው ልኩን እያስለካ ቆሞ ችግሩን ያወራል፤ ሜትሩ ትከሻው ላይ እያለ የማይወጣ ነገር የለም። ብዙ ሰምቻለሁ፣ በራሴም ደርሶብኛል። በእግዚአብሔር መታመን ሲባል ብዙዎች ልብ ላይ ድንገት የሚወርድ ስሜት ይመስላቸዋል። እሱን ሲጠብቁ ችግሩ ቀድሟቸው ይደርሳል። እኔ የማውቀው መታመን እንደ ስፌት ነው፤ እጅ ደጋግሞ ሲሠራው ይለመዳል። ስለዚህ እጃችሁ ምን እንደሚሠራ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የታመናችሁበትን እወቁ

አንድ ወረቀት አውጡ። «ይሄ ከሌለ አለቀልኝ» የምትሉትን ሁሉ በየመስመሩ ጻፉ። ባንክ ያለ ገንዘብ። የእቁብ ዕጣ። ጅቡቲ ወይም ሳውዲ ያለ ወንድም። ጤና። ዲግሪ። ማንንም ዝም የሚያሰኝ ምላስ። «የእናቴ አበልጅ ልጅ እኮ ነው» የሚባል ባለሥልጣን። ሐቁን ጻፉ፤ ማንም አያየውም።

እነዚህ ነገሮች መጥፎ አይደሉም። ወንድም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ገንዘብም ሲኖር ጥሩ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ይህ ነገር ነገ ቢወሰድ ቀና ብዬ እቆማለሁ ወይ? መልሱ «አልቆምም» ከሆነ እምነታችሁ ያለው እዚያ ነው፤ አፋችሁ የፈለገውን ይበል።

የወላጆቻችን ወረቀት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ምድር ባቡር» ይጻፍ ነበር። ከተማችን ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ባቡር ላይ ሥራ ያገኘ ሰው ዕድሜ ልኩን ያገኘ ይመስለው ነበር። ልጁን የሚድርም ደስ ብሎት ይድር ነበር። ይቆማል ብሎ ያሰበ ማን አለ? ቆመ እኮ። ዛሬ የኤሌክትሪኩ ባቡር በሌላ ሐዲድ ይሄዳል፤ ጣቢያውም ከከተማ ውጭ ነው። የድሮው ሲዳከም አብሮት የተሰበረ ቤት ነበር። ጀበናና ሲኒ ይዞ በር ላይ ወጥቶ «ሰጪው አልሞተም» ያለ ቤትም ነበር። ሁለቱም ቤት የገባው ደመወዝ አንድ ነበር።

ወረቀቱን አትቅደዱት። ወደፊት ትፈልጉታላችሁ።

ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት

ክፉ ወሬ ስትሰሙ ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ሰዓት ነው። የደነገጠ ሰው ያልገባው ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ የማይለመነውን ይለምናል፣ የማይከፈለውን ይከፍላል። በዚያ ሰዓት መጀመሪያ የምትሄዱበት በር የቀረውን መንገድ ይወስነዋል።

የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ሊያጠፋ ሲመጣ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ ደብዳቤ ልኮ ነበር። የማስፈራሪያ ደብዳቤ ነው፤ እነ እገሌን አምላካቸው አላዳናቸውም፣ አንተንም አያድንህም የሚል። ትንቢተ ኢሳይያስ 37 ላይ አለላችሁ። ሕዝቅያስ ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበ። ከዚያ ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጣና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። ዘረጋው ነው የሚለው! ወረቀቱን ራሱን።

እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። ከዚራ ሰፈር ይዤው የነበረውን ሱቅ እንድለቅ ከአከራዬ ደብዳቤ የመጣ ቀን ሱቁን ቆልፌ ቤት ገባሁ። ደብዳቤው አራት እጥፍ ነበር፣ ግርጌው ላይ ሐምራዊ ማህተም ነበረው። ነጠላዬን ሥዕለ አድኅኖው ፊት መሬት ላይ አነጠፍኩ። ደብዳቤውን ዘርግቼ አስቀመጥኩት። እጥፋቱ አልዘረጋ እያለ ሲነሣብኝ ጫፉን በመቀስ ጫንኩት። ከዚያ ከቁጥሩና ከቀኑ ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ጉዳዩ፦» የሚለውን ሁሉ። እግዚአብሔር ሳላነብለት ያውቀዋል፤ እኔ ግን ጮክ ብዬ ሳነበው ወረቀት መሆኑ ታየኝ። ውስጤ ያበጠው ፍርሃት ከወረቀቱ በጣም ይበልጥ ነበር።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። የሐኪም ውጤትም ይሁን፣ የባንክ ማስጠንቀቂያም ይሁን፣ የክስ መጥሪያም ይሁን ዘርግታችሁ አንብቡት። ወረቀት ከሌለው ራሳችሁ በሁለት መስመር ጻፉትና እሱን ዘርጉ። ጸሎቱ አይርዘም። ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ትልቅ ጦር በመጣበት ጊዜ የጸለየው ጸሎት መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኃይል የለንም፣ የምናደርገውንም አናውቅም፣ ዓይናችን ግን ወደ አንተ ነው። ይኸው ነው። 2ኛ ዜና መዋዕል 20 ላይ ነው። ንጉሥ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ «የምናደርገውን አናውቅም» ማለቱ ለእኔ ከብዙ ሰልፍ ይበልጥብኛል። ይህን በሉ፣ አንዴ አባታችን ሆይን ቀስ ብላችሁ ድገሙ፣ ከዚያ ስልኩን አንሡ።

ንስሐ አባት ያላችሁ ቀጥሎ የምትደውሉት ለሳቸው ይሁን። የሌላችሁ ደግሞ ችግር እስኪመጣ አትጠብቁ።

የየዕለቱን ዳዊት አትዝለሉ

ዳዊት የሚደግሙ ሰዎች ያውቁታል፤ ለማያውቁት ላስረዳ። መቶ ሃምሳው መዝሙር ለስድስት ቀን ተከፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። ሁሉንም ለመድገም ጊዜ የለኝም ካላችሁ ከየቀኑ አንድ አንድ ልምረጥላችሁ።

ሰኞ መዝሙር 19ን ያዙ፦ በሰረገላና በፈረስ ስለሚታመኑ ሰዎች ነው። ማክሰኞ 32፦ ንጉሥ በሠራዊቱ ብዛት እንደማይድን ይናገራል። ረቡዕ 61፦ ሀብት ቢበዛ ልባችሁን አታኑሩበት ይላል። ሐሙስ 90 ነው፤ በልዑል መጠጊያ ስለሚያድር ሰው። ዓርብ 117፦ በሰው ከመታመን በእግዚአብሔር መታመን ይሻላል። ቅዳሜ 145፦ ማዳን በማይችሉ በአለቆች አትታመኑ። ሳምንቱን ሙሉ አንዱ ነገር እየተመላለሰ ይመጣል፤ አንዴ ፈረስ ሆኖ፣ አንዴ ብር ሆኖ፣ አንዴ ትልቅ ሰው ሆኖ። የጻፋችሁት ወረቀት እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ረቡዕ ዕለት ስለ ሀብት ስታነቡ ወረቀታችሁ ላይ «ባንክ» የሚለውን መስመር ተመልከቱ። ቅዳሜ ደግሞ ያን የባለሥልጣን ስም።

በቃል የምትይዙት አንድ ቁጥር ይኑራችሁ። ቢሮ ወረፋ ላይ ተቀምጣችሁ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው። መጽሐፍ አትከፍቱም እኮ እዛ።

ከዚያ ሥራችሁን ሥሩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ቀጠሮውን የሚያሳልፍ አለ። ሕዝቅያስ ደብዳቤውን የዘረጋ ሰው ነው፤ ግን የፈረሰውን ቅጥር ጠግኗል፣ ከከተማ ውጭ ያሉትን ምንጮች ደፍኗል፣ ውኃውንም በመሬት ውስጥ ወደ ከተማ አስገብቷል። የጌዴዎንም ታሪክ እንዲሁ ነው። በመሳፍንት 7 ላይ 32 ሺህ የነበረው ሰው ወደ 10 ሺህ፣ ከዚያም ወደ 300 ተቀነሰ፤ እስራኤል «እጄ አዳነኝ» እንዳይል። ግን 300ው አልተኙም። ቀንደ መለከትና ማሰሮ ይዘው፣ ማሰሮው ውስጥ ችቦ ይዘው በየቦታቸው ቆመዋል።

ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። ድሬ ነውና ቡናውንም ኀዘኑንም አብረን ነው የምንጠጣው። የሱቁን ነገር ስነግራት «ግመልሽን እሰሪና በአላህ ተመኪ» አለችኝ፤ ከነቢያቸው የመጣ ቃል ነው። ግመል በሚነዳበት አገር ለተወለደ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ያልታሰረ ግመል እስከ ማታ የት እንደሚደርስ እናውቃለን።

ስለዚህ እሰሩ። ውሉን ፈልጉ። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ በየወሩ ደርድሩ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጉ፣ ዋናውን ለማንም አትስጡ። ራሳችሁ ሂዱ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ መብትን መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ሊገርፉት ሲሉ ሮማዊ መሆኑን ተናግሯል።

የምታውቁት ሰው እንዲረዳችሁ መጠየቅም ኃጢአት አይደለም። ልዩነቱን ግን ልንገራችሁ። ሰው ሲረዳችሁ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላችሁ ቀና ብላችሁ የምትወጡ ከሆነ ረድቷችኋል። ያ ሰው እንዳይከፋው ብላችሁ እውነት መናገር ከፈራችሁ ግን ጌታ ሆኖባችኋል።

መታመን የሚፈተነው ደግሞ አቋራጭ ሲመጣ ነው። ሁሌም ይመጣል። እኔ ጋ የመጣው ደላላ ነበር። ትሑት፣ ሰላምታው የሚጣፍጥ። «አቦ አንቺ ደግሞ፣ ይሄ እኮ ለሻይ ትንሽ ነገር ብለሽ የሚያልቅ ነው» አለኝ። ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ አዲስ ውል እናዘጋጅና ቀኑን ወደ ኋላ እንጻፈው አለኝ። እንዲህ ሲባል ምን እንደምትሉ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ በዚያ ሰዓት ቃል አይመጣም። የእኔ አጭር ነበር፦ «ይሄን ካደረግኩ ጸሎቴን ማን ይሰማኛል?» አልተከራከረኝም። ሻዩን ጨርሶ ሄደ።

ከእግዚአብሔር ለምናችሁ በሐሰት ወረቀት ብትቀበሉ ሰጪው ማን ሊባል ነው? ይህን ለልጆቼም እላለሁ፣ ለሚያሰፋ ሰው ሁሉ እላለሁ።

የሆነውን ትጠይቁኝ ይሆናል። አከራዬን ራሴ ሄጄ አነጋገርኩት፤ የዩኒፎርሙ ሥራ እስኪያልፍ ፈቀደልኝ፤ ከዚያ ለቀቅኩ። ሱቁን አላስቀረሁትም። አሁን ሳቢያን አንድ ክፍል ይዤ እሰፋለሁ። ከደንበኞቼ ባጃጅ ተሳፍረው እስከዚህ የሚመጡ አሉ፣ የቀሩም አሉ። ጥላው እንደ ከዚራ አይደለም፤ ከሰዓት ፀሐዩ ግድግዳውን ያነደዋል። ግን ማታ ተኝቼ አድራለሁ። የማፍርበት ወረቀት በማንም መሳቢያ ውስጥ የለም።

ሕመም ከሆነ

አጭር ነው የምለው፤ ግን አጥብቄ ነው። ጸበል ስትጠመቁ መድኃኒታችሁን አታቁሙ። መጽሐፈ ሲራክ 38ን አንብቡ፤ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። በዚያው ምዕራፍ ጸልይ፣ ከኃጢአት ተመለስ፣ ሐኪሙንም ከአንተ አታርቀው ይላል። ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ናቸው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስዱ ኪኒናችሁን ይዛችሁ ጸበል ሂዱ። «እምነት ካለህ ጣለው» የሚላችሁ ሰው ካለ ከማን እንደተላከ እኔ አላውቅም፤ መጽሐፉ ግን እንደሱ አይልም።

መልሱ ሲዘገይ፣ ወይም «አይሆንም» ሲሆን

የድሬ ሰው የደቻቱን ወንዝ ያውቀዋል። ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ውኃው የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። እኛ ላይ ጠብ ሳይል ላይኛው አገር ሲዘንብ ጎርፉ ይወርዳል። በ1998 ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊት መጣ። ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ቤት ከነቤተሰቡ የሄደበት አለ። ጠዋት አሸዋው ላይ ስም እየጠሩ የሚሄዱ ሰዎችን ያየ ይህን ነገር በቀላሉ አያወራም።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት አንድ ንግግር እስከ ዛሬ ያመኛል። «እግዚአብሔር የጠበቀው ተረፈ» የሚል። የተረፈ ሰው ተመስገን ማለቱ ተገቢ ነው። ግን ልጇን ያጣችው እናት ፊት እንዲህ አይባልም። እሷም ያን ምሽት ጸልያ ነው የተኛችው። ጌታችን ራሱ ስለዚህ ተናግሯል። ሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች አንሥቶ፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን? ብሎ ጠየቀ። አይደለም አለ።

ስለዚህ በእግዚአብሔር መታመን ማለት ጎርፉ የእኔን በር ይዘላል ማለት አይደለም። ይህን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ መጀመሪያ በምትቀበሉት «አይሆንም» እምነታችሁ ይሄዳል። እኔ የምታመነው ወደ ምኞቴ እንዲያደርሰኝ ብቻ አይደለም። ከሞት ወዲያ እንኳ የማይጥለኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ወረቀቱ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ እስከዚያ የሚሸኘኝ የለም። ወንድሜም እስከ መቃብሩ ነው የሚመጣው።

በዚህ ጊዜ ምን ይደረጋል? ጸሎቱን አሳጥሩት እንጂ አታቁሙት። አልጸልይም እስክትሉ ከመረራችሁ ምሬቱን ራሱን ንገሩት፤ ዳዊት «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎታል፣ ያውም በሰኞው ክፍል፣ መዝሙር 12 ላይ። ጾሙን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ጹሙ፤ ብቻችሁን የፈጠራችሁት ከባድ ጾም በሦስተኛው ቀን ይጥላችኋል። ለሌላ ሰው አንድ ነገር አድርጉ፤ ታማሚ ጠይቁ፣ ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ሰሐን እጠቡ። እድር ውስጥ ካላችሁ ድንኳን ተክሉ። ከራሳችሁ ችግር ጋር ቀኑን ሙሉ ተፋጣችሁ አትዋሉ።

ኀዘንተኛ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ስለ እምነት አታስተምሩ። ቡና አፍሉ፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

ስለት ለምትሳሉ

ይህን ሳልናገር አልለፍም፣ ምክንያቱም ለእኛ ቁልቢ ቅርብ ነው። የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ቁልቢ ላይ ጸልየው ለቅዱስ ገብርኤል ተስለው እንደሄዱ ይታወቃል። በ1888 ድሉ ሲገኝ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ። ጠመንጃውንም ይዘው ነው የሄዱት፣ ጦሩንም መርተዋል። ሲመለሱ ግን ምስጋናውን ለጠመንጃው አልሰጡም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ያን ሁሉ ሕዝብ የምታዩት በዚያ ምክንያት ነው።

ስለት ግን ንግድ አይደለም። «ይህን ካደረግክልኝ ይህን እሰጥሃለሁ» እያልን እግዚአብሔርን እንደ ደላላ እንዳናየው እንጠንቀቅ። መጽሐፈ መክብብ 5 ተስለህ ከምትቀር ባትሳል ይሻላል ይላል። ስለዚህ የምትችሉትን ብቻ ተሳሉ። ጧፍም ስለት ነው፣ ጃንጥላም ስለት ነው፣ አንድ ቀን ነድያንን ማብላትም ስለት ነው። የአንዱን ሳትከፍሉ ሌላ አትጨምሩ። የለመናችሁት ባይሆንም ለማመስገን ሂዱ፤ እኔ ሱቁን በለቀቅኩበት ዓመት ሄጃለሁ።

ከድሬ በእግር የምትወጡ ከሆነ ፀሐይ ሳይበረታ ተነሡ፤ ዳገቱ በቀን ሙቀት አይቻልም። ብቻችሁን አትሂዱ። ውኃ ያዙ፣ የለመዳችሁትን ጫማ አድርጉ፣ አዲስ ጫማ እግር ይልጣል። ደንገጎን ካለፋችሁ በኋላ ብርድ ነው፤ በድሬ ስስ ልብስ እንዳትወጡ፣ ጋቢ ያዙ። ልጅ ያዘላችሁ ደግሞ ለልጁ ለብቻ ሌላ ጨምሩ።